ሽታ የሌለው እጅ

ሃያኛዋ ተርብ የብርጭቆ ቱቦው መገንጠያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽታዬም ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ቱቦው እዚያ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል። ከግራ ትል የበላው የበቆሎ ቅጠል ሽታ ይነፍሳል፤ ከቀኝ ደግሞ እዚሁ ግቢ ውስጥ ትሎቹ የሚቀለቡት የባቄላ ዱቄትና እርሾ። ጉንዳን የማታክለዋ ተርብ አንቴናዋን ወደ ግራ ዘረጋች፣ ወደ ቀኝ ዘረጋች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ባቄላው ሄደች።

"አንቺም?" አለቻት ሽታዬ።

ከሃያዎቹ አሥራ ሰባቱ ቀኙን መርጠዋል።

እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። በዚህ የተርብ ማርቢያ ቤት ሽታዬ ያሏት ሽታ ስለሌላት ነው። ተርቦቹን እንዳታደናግር ብላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሽቶ አልነካችም፣ ቅባት አልቀባችም፤ ሳሙናዋም ጠረን የለውም። በሠርጓ ዕለት ሚዜዋ ሽቶ ልትረጭባት ስትል "ሰኞ ሥራ አለኝ!" ብላ እጇን እንደያዘቻት ባሏ እስካሁን ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወራ ይስቃል። ይሳቅ። እሷ ትኮራበታለች።

ትሉ ጥቅልል ቅጠል ውስጥ ተወሽቆ ስለሚበላ ዓይን አያየውም። የሚያሳብቁበት የቆሰለው ቅጠል ጠረንና የገዛ ኩሱ ናቸው። ተርቧ ያንን ተከትላ ትደርስበትና እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት ልጆቿ ከውስጥ ይጨርሱታል። ገበሬውም መርዝ ከመርጨት ይገላገላል። እንዲህ ነበር የታሰበው። እነዚህ ተርቦች ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከእናት ወደ ልጅ የተዋለዱት ፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ፣ ባቄላ በሚበላ ትል ላይ ነው። በቆሎ የሚባል ነገር አያውቁም። ለነሱ ትል ማለት ባቄላ ባቄላ የሚሸት ነገር ነው። ባቄላውን ስታበስል የኖረችው ደግሞ ራሷ ናት፤ አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነው።

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ገበሬው ታላቅ ወንድሟ ነበር።

"መጡ ወይ ዝንቦችሽ?"

"ተርብ ናቸው፣ ወንድምጋሼ።"

"ተርብም ይሁኑ ንብ፣ ብቻ ይምጡልኝ። በቆሎው እኮ ወንፊት ሆነ! ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ገዝቶ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው። እንዳትረጩ ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

"ከሰዓት እደውልልሃለሁ።"

"እሺ የኔ እህት። አንቺ ካልሽ እጠብቃለሁ።"

ከዚህስ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። መድኃኒቱ ተርቦቹን ስለሚገድል ባለፈው ሳምንት እንዳይረጭ የለመነችው እሷ ናት። እሱም ሃያ ሁለት ጎረቤቶቹን ቤት ለቤት ዞሮ አሳምኖላታል።

የማርቢያው ኃላፊ ቢሮ ስትገባ፣ ነገ ተርቦቹ ማሳ ላይ ሲለቀቁ ለማየት የሚመጡትን እንግዶች ዝርዝር እያነበበ ነበር።

"ዶክተር፣ መንገዱን አያውቁትም" አለችው። "ማሳ ላይ ቢለቀቁ ትሉን አያገኙትም። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። በቆሎ በሚበላ ትል ላይ ላራባቸውና ሽታውን ላስለምዳቸው።"

"እንግዶቹ ነገ ጠዋት ናቸው። ካሜራም አለ።"

"ካሜራው ሲበሩ ነው የሚያየው። የት እንደሚደርሱ አያይም።"

"እኔስ ምን አልኩሽ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሙከራው ውጤት የሚሞላበትን ቅጽ ወደሷ ገፋ አደረገላት። "እዚህ ጋ 'የባለሙያዋን እጅ ሳሙና ነክቶት ስለነበር ሙከራው ተሰርዟል' ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። አለቀ።"

"የኔን እጅ?"

"ምን አለበት? ሰው አይደለሽ?"

"ትሉ ማሳውን ሲጨርሰውስ?"

"ትሉ እኛ ሳንመጣም ነበረ። ይልቅ አታስቀይሚኝ። ሰኞ ሌላ ባለሙያ ስፈልግ እንዳልውል።"

ፊቷ ጋለ። ሌባ ቢላት እንኳ እንዲህ ባልከፋት። እስክሪብቶውን አንስታ ጻፈች፦ "ከሃያ አሥራ ሰባቱ ወደ ቀለቡ ሄደዋል። እጄ ንጹህ ነበር።" ፈርማ መለሰችለት።

አነበበው። አልተቆጣም። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ዘጋው።

"ያለ ወረቀትም ይለቀቃሉ" አለና ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ።

ደረጃው ላይ ቆማ ወንድሟ ጋ ደወለች። ገና አንዴ ሳይጮኽ አነሳው።

"እርጩ" አለችው። "ዛሬውኑ እርጩ።"

"ምን ነካሽ? ነገ የሚለቀቁትስ?"

"ይሞታሉ።"

"ያንቺ አይደሉም እንዴ?"

"የኔ ናቸው።"

ከጀርባው የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ወሬ ጠባቂዎቹ ጎረቤቶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

"ለሰዉ ምን ልበል ታዲያ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እህቴ ተሳሳተች በላቸው።"

"እንደሱማ አልልም።"

"በላቸው፣ ወንድምጋሼ። እውነቴን ነው። እኔው ነኝ አጉል ያሳደግኳቸው።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ታች ወረደች። የእንግዶች መታጠቢያ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ለነገ ተብሎ ገንዳው ጠርዝ ላይ አዲስ ሳሙና ተቀምጧል፤ መጠቅለያው ላይ ጽጌረዳ ተስሎበታል። ዘጠኝ ዓመት በዚህ በር ስታልፍ አፍንጫዋን ይዛ ነበር። ዛሬ ገባች። መጠቅለያውን ቀደደችና አረፋው እስኪንዠቀዠቅ ድረስ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ አለቅልቃ እንደገና ታጠበች።

ቦርሳዋ ተርቦቹ ክፍል ውስጥ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻትን ጽዳት ሠራተኛ እንድታመጣላት ለመነቻት።

"ራስሽ አትገቢም?" አለች ሴትዮዋ። ወዲያው አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ ክው አለች። "ውይ፣ ሽታዬ! ምንድን ነው የሸተተኝ?"

"እጄ ነው" አለች።