ለኦቦ ሞረዳ የተመረጠው ሾክ

ሠርፀ ሾኩን ለመምረጥ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጸጸቱ ግን ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ሠርፀ ከጎጃም ተመድቦ ነቀምቴ የመጣ፣ በአንድ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ የሚያስተምር ሰው ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፤ ያለችው በሪሞት የምትነዳ፣ ክንድ የምታህል፣ ድንጋይ የምትወጣ መኪና ናት። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር የተከራየበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ሞረዳ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከግምቢና ከደምቢ ዶሎ ቡና ሲጭኑ የኖሩ የአይሱዙ ሹፌር ነበሩ። አምና የደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። እግራቸው ሲመለስ እጃቸው ወደኋላ ቀረ። እንኳን መሪ፣ ማንኪያም ያስቸግራቸው ነበር።

አንድ ቀን ሠርፀ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ሲነዳ አይተው «እስቲ ስጠኝ» ብለው ሪሞቱን ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥላቸው! ሁለቱ ሆነው ለእሳቸውም አንድ ገጣጠሙ። ሆስፒታል እጃቸውን የምታሠራቸው ባለሙያ ጣታቸው መላወስ መጀመሩን አይታ «ይቺን ጨዋታ እንዳይተዋት» ብላቸዋለች።

የቀረው የጎማውን ንዝረት የሚያበርደው ሾክ ነበር። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ለሁለቱም መኪና ሁለት እሽግ መጣ፤ በየእሽጉ አራት አራት። ሻጩ አንድ ዓይነት ስላልሞላለት ሁለት ዓይነት ነው የላከው። ሠርፀ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። አንደኛው ዘይት ያለው ነው፤ ሲጫኑት ገባ ብሎ፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጎማው ድንጋዩን እየዳሰሰ እንዲሄድ የሚያደርገው ይሄ ነው። ሌላው ደረቅ ሞላ ብቻ ነው፤ ሲለቁት ይፈናጠራል፣ ዳገት ላይ መኪናዋን ይገለብጣታል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አውራ ጣት ይበቃል። የኦቦ ሞረዳ አውራ ጣት ግን አይታዘዛቸውም።

«እንደ ቅርጫ ሥጋ ዕጣ እንጣልበት እንዴ?» አሉ እየሳቁ።

«ምን ዕጣ ያስፈልገዋል ኦቦ? ለእርስዎ ጠንካራው ይሻላል» አለ ሠርፀ።

«ዱጋ፣ እውነትህን ነው። ለስላሳ ባሌስትራ ጭነት አይችልም።»

ዕድሜ ልካቸውን ቡና የጫኑ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይበሉ? ይቺ መኪና ግን ጭነት አትጭንም፤ ሠርፀ ይህን እያወቀ አላረማቸውም። ባለፈው ወር፣ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዱ በየእሑዱ በሚሰበሰቡበት ድንጋይ ማውጫ ላይ፣ መኪናው ስትገለበጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስቀውበት ነበር፤ እነሱን ማሳፈር አማረው። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የሚያኮራ ነገር የለውም።

እሑድ ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ድንጋይ ማውጫ ተሰበሰቡ። የሠርፀ መኪና እንደ ፍየል ወጣች፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ቀጥሎ የኦቦ ሞረዳ ተራ ሆነ። ሪሞቱን በግራቸው ደግፈው በቀኛቸው ነዱ። መኪናዋ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያዘች፣ ሞላው ተፈናጠረ፣ በጀርባዋ ወደቀች። አነሷት፤ ወደቀች። አምስት ጊዜ። በአምስተኛው የሚስቅ ጠፋ፤ ያ ደግሞ ከሳቁ ይብሳል።

ኦቦ ሞረዳ ወደ ሠርፀ ዞሩ። «ሜ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ሾኩ ነው ወይስ እጄ?»

ሰው ሁሉ ይሰማል። ከሠርፀ ጆሮ ውስጥ ጭብጨባው ገና አልወጣም።

«ሾኩ ደህና ነው ኦቦ» አለ። «እጅዎ ነው፤ ገና አልጠናም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ሪሞቱን አጠፉት።

ሠርፀ ራሱን ማባበያ አላጣም። ጨዋታ ነው አለ። ሌላ ሾክ አስመጣላቸዋለሁ አለ። ግን ግቢ ሲገባ በረንዳቸውን ላለማየት አንገቱን እየደፋ ማለፍ ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ልጃቸው ሊሊሴ በር ላይ አስቆመችው።

«አባዬ ሆስፒታል መሄድ አቁሟል» አለችው። «ሦስት ቀጠሮ አለፈው። ‹እጄ አልቆለታል፣ ሠርፀ ራሱ ነግሮኛል› ነው የሚለው። እባክህ አንተ ምከረው፤ ያንተን ነው የሚሰማው።»

ሠርፀ ያን ቀን ክፍል ገብቶ ምን እንዳስተማረ አያውቀውም። ከሰዓት በኋላ የራሱን መኪና ታቅፎ በረንዳው ሥር ቆመ።

«ኮቱ፣ ና ተቀመጥ» አሉት ኦቦ ሞረዳ።

አልተቀመጠም። «እጅዎ አይደለም ኦቦ። ሾኩ ነው። ደህናውን ለራሴ አስቀርቼ የማይረባውን የሰጠሁዎት አውቄ ነው። ድንጋዩ ላይ ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።»

እንዲቆጡት ጠበቀ። ቢቆጡት፣ ከግቢዬ ውጣ ቢሉት እንኳ ይቀለው ነበር።

«እጄ አይደለም?» አሉ።

«አይደለም።»

«ድገመው።»

«እጅዎ አይደለም ኦቦ።»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «ሾኩን መውሰድህ ምንም አይደል» አሉ። «እኔም በጉብዝናዬ የባልደረባዬን ደህና ጎማ በአሮጌ ለውጬ አውቃለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን እጅ እንደ ሬሳ ታቅፌ ነው የተኛሁት። አንተ ከግድግዳው ወዲያ ተኝተህ እጄ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።»

ሠርፀ «አሁኑኑ እቀይርልዎታለሁ» ብሎ ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ።

«ላኪ፣ አይሆንም። ለእኔ ስጠኝ።» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ካቻቪቴው ከጣታቸው አምልጦ መሬት ላይ ወደቀ። ሠርፀ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል «አትንካ» አሉት፤ ራሳቸው አነሱት።

ከሠርፀ መኪና ብቻ የሚፈታው ብሎን ስምንት ነው፤ ለእሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ለኦቦ ሞረዳ የመጀመሪያው ብቻ ሩብ ሰዓት ወሰደ። ካቻቪቴው ይንሸራተታል፣ እንደገና ያስገቡታል፣ ግማሽ ዙር ይዞራል። ግንባራቸው በላብ ረጠበ። ሠርፀ ከጎናቸው ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ይህን ሁሉ ተመለከተ። ሊሊሴ ከሥራ ስትመለስ አባቷ ሦስተኛው ብሎን ላይ ነበሩ።

«ምነው ሠርፀ፣ አታግዘውም?» አለች።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት» አሉ ኦቦ ሞረዳ ቀና ሳይሉ። ከዚያም ለሠርፀ፣ «ንገራት። እሷም ካንተ አፍ ትስማው» አሉት።

ሠርፀ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ በከበደ ምላስ፣ «የአባትሽ እጅ አይደለም…» ብሎ ጀመረ። ኦቦ ሞረዳ ይህን ለመስማት ካቻቪቴውን አቁመው ነበር።