ቦታውን የለቀቀ ድንጋይ

መምህር አምሀ ድንጋይ ካየ ልቡ ይጠፋል። ሌላው አስተማሪ ጅጅጋ ሲመደብ ዓይኑ የኮንትሮባንድ ጨርቅና ቴፕ ላይ ነው፤ እሱ መሬት መሬቱን ሲያይ ይውላል። ያን ሰኞ ጠዋት እንኳ የንብረት ክፍሉ ገብረየስ «ያዋስኩህ መዶሻስ?» ብሎ ቢያፋጥጠው፣ የት እንደጣለው ሳያስታውስ ስቆ አለፈው። ጊዜው 1972 ነው፤ ጦርነቱ ካለፈ ሁለት ዓመት ግድም።

ክፍል ገብቶ ሁለት ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ነጩ የኖራ ድንጋይ ነው። ድሮ እዚህ ባሕር ነበረ፤ ዛጎሉና ጭቃው እየዘቀጠ፣ እየተጫነ ጠጠረ። ዝቅጥ አለት ይባላል። ምድር ውስጥ ሙቀትና ጫና ሲበረታበት ደግሞ እብነ በረድ ይሆናል፤ ያ ልውጥ አለት ነው። ጥቁሩን ግን እሳት ነው የወለደው፤ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ቅልጥ አለት። ትናንት ማታ ነጭ መሬት ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት፤ በዙሪያው አንድ ዘመድ የለው! ድንጋይ እግር የለውም። ማን አመጣው?»

«ጎርፍ» አለ አንዱ ተማሪ። «እሳተ ገሞራ» አለች ሌላዋ።

«ሰው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ደወል ሊደውል ሲያልፍ የሰማው ዘበኛው፣ ሽማግሌው ሳማታር ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መምህር፣ ከየት አነሳኸው?»

«ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከግራሯ በታች።»

«ያ አላህ! እዚያ ፈንጂ አለ። እኛ ፈንጂ ስናይ ከሩቅ ጥቁር ድንጋይ አምጥተን አንድ እርምጃ ወዲህ እናስቀምጣለን። ነጭ ላይ ጥቁር ያየ ሰው ዞሮ ያልፋል። ሕፃን እንኳ አይነካውም!» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ማርዎ... ሚስቴ... ከቅዳሜ ጀምሮ እህቷ ቤት ሰንብታ አሁን ወደ መንደር ወጣች። በዚያ መንገድ ነው የምትሄደው።»

አምሀ ጥቁሩን ድንጋይ ታቅፎ ሮጠ። ትናንት ላባ የመሰለው ድንጋይ ዛሬ ክንዱን ሊገነጥለው ደረሰ። «እመብርሃን፣ አደራሽን፣ የሰው ደም በእጄ እንዳይሆን» እያለ ወንዙን ተሻገረ። ሳማታር ያን ሁሉ ዕድሜ ተሸክሞ ከኋላው አልቀረም።

ማርዎ ቀይ ሻሿን አስራ፣ አህያዋን አስቀድማ በዝግታ ትሄዳለች። ጥቁሩን ድንጋይ ስታይ ልትዞር ነው ሐሳቧ። ድንጋዩ አምሀ እቅፍ ውስጥ ነው።

«ማርዎ! ጆግሶ!» አለ ሳማታር፤ ቁሚ ማለቱ ነው። ነፋሱ ወሰደበት። ደግሞ ጮኸ። አህያው ሄደ። በሦስተኛው ማርዎ ዘወር አለችና የአህያውን ገመድ ሳብ አድርጋ ቆመች።

ተመስገን ማለት ገና ነው። ፊታቸው ያለው መሬት ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

«የቱ ጋ ነበረ?» አለ ሳማታር።

አምሀ አያውቀውም። በዓይኑ ሲዳብስ ከአህያው ኮቴ ፊት፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት አንድ ነገር አብለጨለጨ። መዶሻው ነው! ያን ጊዜ ሁሉም ትዝ አለው። ናሙና ሊፈልጥ ድንጋዩን ሦስት ጊዜ በኃይል መትቶት ነበር። እምቢ ሲለው በሁለት እጁ ሊያነሳው ብሎ መዶሻውን ከድንጋዩ ወዲያ አስቀመጠው።

«ድንጋዩ ከመዶሻው አንድ እርምጃ ወዲህ ነበር» አለ።

ሳማታር መዶሻውን አየ፤ አምሀን አየ። «እንግዲያ ፈንጂው ከመዶሻው ሥር ነው» አለ።

አምሀ የትናንት ዱካውን አንድ በአንድ እየረገጠ ሄደ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ድንጋዩን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ተመለሰ። ማርዎ አህያዋን አዙራ በሩቅ ከዞረች በኋላ በሶማሊኛ ብዙ ነገር አወረደችበት። ሳማታር አልተረጎመለትም።

በማግስቱ ገብረየስ በር ላይ ጠበቀው። «አንተ ሰውዬ፣ መዶሻው የት ነው?»

አምሀ ወደ ወንዙ ማዶ አየ።

«ሥራ ላይ ነው» አለ።