ባለ ቀይ ጥለቱ ነጠላ

ልጄ ብሩክታዊት የምትሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ፤ በሽታ የሚከላከሉ ሁለት ሴሎች ተለጣጥፈው ቆመዋል።

«እማዬ፣ እነዚህ የሚተዋወቁት በላይ ሽፋናቸው ነው። ሲላቀቁ ደግሞ አንዱ ከሌላው ሽፋን ቦጭቆ፣ ለብሶት ይሄዳል።»

«ይቺማ ጸዳለ ናት!» አልኳት።

ጎረቤቴ ጸዳለ፣ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈራችን ባለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቅፋ፣ አገላብጣ ስማኝ ስትለቀኝ፣ ባለ ቀይ ጥለቱ ነጠላዬ እሷ ላይ ነው፤ የሷ አሮጌ እኔ ላይ። «ለዛሬ ብቻ» ትላለች። አንጀቴ እርር ይላል!

እሑድም ይህንኑ አደረገች። ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ለቅሶ ያልደረስኩላት ወይዘሮ የሺመቤት በጥለቱ እኔ መስያት፣ ጸዳለን ከኋላ ጨምድዳ ያዘቻት።

«አንቺ አስካለ! ወንድሜ ሲሞት የት ነበርሽ?» ብላ፣ ፊቷን እንኳ ሳታይ ልክ ልኳን ነገረቻት። እኔ በጸዳለ ነጠላ ተከናንቤ ወደ አውቶቡሱ ሹልክ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት በሳቅ ፍርስ አለች። «ሴሎቹም እኮ እንደዚያ ይሆናሉ! የሌላ ሽፋን የለበሰውን አንዳንዴ የገዛ ወገኖቹ ጠላት ነው ብለው ይገድሉታል።»

አሁን ጸዳለን ሳገኛት ነጠላዬን ራሴ አውልቄ አለብሳታለሁ። ለቅሶ ያልደረስኩት እኮ የየሺመቤትን ብቻ አይደለም።