የእትዬ መርፌ

እትዬ ቁመቷ ከአንድ ክንድ እምብዛም አያልፍም። ጭንቅላቷና እጆቿ ከእንጨት የተጠረቡ፣ ገላዋ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት አሮጊት አሻንጉሊት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ስትወጣና ስትወርድ አርጅታ ተወልዳ ሳታረጅ ኖራለች። ያረጁት የሚያንቀሳቅሷት ሁለቱ ናቸው።

አንዱ ከኋላዋ ቆሞ ጭንቅላቷንና ቀኝ እጇን ይይዛል፤ ሌላው ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግራ እጇንና እግሮቿን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ራስ ያዡ ባል ነው፤ እግር ያዧ ሚስት። በሙያቸው ደንብ መጀመሪያ የሚተነፍሰው ራስ ያዡ ነው። እሱ አየር ሲስብ እትዬ ነፍስ ትዘራለች፤ እግር ያዧ ያንን ትንፋሽ ሰምታ ትከተላለች እንጂ ቀድማ ጣቷን አታነሳም። ሚስትየዋ ይህን ደንብ አንድም ቀን አፍርሳ አታውቅም። ወገቧ ግን ከበርጩማዋ ጋር አንድም ቀን ተስማምቶ አያውቅም።

የትርዒቱ ሁሉ ማሰሪያ መርፌው ነው። እትዬ ስትቆጣ፣ ስታሽሟጥጥ፣ ጎረቤት ስታማ ሰውን በሳቅ ስታፈርስ ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ የልጇን ሸሚዝ ልትሰፋ ትቀመጥና መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ማታለል የለበትም። እውነተኛ ክር፣ የጣት ያህል ርዝመት ያለው እውነተኛ መርፌ። መርፌውን የያዘው ግራ እጅ የሚስትየዋ ነው፤ ክሩን የሚያመጣው ቀኝ እጅ የባልየው። ድሮ የመጀመሪያውን ሆን ብሎ ይስተው ነበር፣ የሰው አንጀት እንድትበላ። በሁለተኛው ይገባል።

አሁን ግን አልገባ ካለ ሦስት ወር ሆነው። ባልየው መጀመሪያ ክሩን ወቀሰ፤ ሚስትየዋ ክሩን ሰም ቀባችው። ቀጥሎ መብራቱን ወቀሰ፤ መብራቱ ቀረብ ተደረገ። ከዚያ ተራው የመርፌው ሆነና እሷ ከሽቦ እየቀጠቀጠች፣ ቀዳዳውን እያሰፋች ሦስት መርፌ ሠራች። የአዳራሹ ዘበኛ ሦስተኛውን አንስቶ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ካየ በኋላ፣ በዚህስ ግመልም ሳያጎነብስ ያልፋል ብሎ መለሰላት። የሚወቀስ ነገር ሲያልቅ የቀረችው እሷ ነበረች። እጅሽ አይረጋም አላት።

እሷ ታውቃለች። ካወቀች ዓመት አልፏታል። የእትዬን ጭንቅላት የያዘው የባሏ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ መንቀጥቀጡ በእትዬ ገላ አልፎ ወደ እግሮቿ ይወርዳል፤ እግሮቿ ደግሞ ያሉት በሚስትየዋ መዳፍ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን በውጭ የጭነት መኪና ያለፈ መስሏት ነበር። በሁለተኛው ቀን መኪና እንዳልሆነ ገባት። እየቆየች ዜማውን ለየችው፦ ሦስቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ እረፍት። ቤት ውስጥ ሻይ ስትቀዳለት ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ብቻ መሙላት ጀመረች። እሱም ምነው ግማሽ ሆነ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

የሥራ ክፍላቸውን ግድግዳ ያየ ሰው ታሪኩን ማንበብ ይችል ነበር። በክር የሚንጠለጠሉት አሻንጉሊቶች እንዳይተበተቡ በየከረጢታቸው ተከተው ከተሰቀሉ ከርመዋል፤ ባልየው ክራቸው አርጅቷል ብሎ ነበር የተዋቸው። ከቆዳ የተቆረጡት የጥላ አሻንጉሊቶች በካርቶን መሐል ተኝተዋል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ሸራው ላይ ሲያርፍ እጥፍ ሆኖ ይታያልና። በዘንግ የሚገፉት ጥግ ላይ እንደ መጥረጊያ ተደግፈዋል። እጅ የሚጠልቅባቸው ትንንሾቹ ደግሞ ገመድ ላይ እንደ ታጠበ ካልሲ ተሰጥተዋል፤ እነሱን የሕፃን ጨዋታ ናቸው አላቸው። አንድ በአንድ ሁሉንም ተሰናብቶ የቀረችው እትዬ ብቻ ነበረች።

በትርዒቱ ቀን ጥቁር ልብሳቸውን እየለበሱ ሳሉ፣ ባልየው፣ ዛሬም ክሩ ካልገባ የወንድሜን ሚስት እግር ያዥ አደርጋለሁ፣ አንቺም ወገብሽ ያርፋል አላት። የወንድሙ ሚስት በእንቅልፏ እንኳ የምታወራ ሴት ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ሚስትየዋ ትስቅ ነበር። ማረፉንማ ከማንም በላይ ትፈልገዋለች። እጇ ሥራ አበላሸ ተብላ መውጣት ግን ሃያ ሁለት ዓመቷን ይዞባት ሊሄድ ነው። እውነቱን ብትነግረውስ? እሱ ባዶ እጁን ይቀራል። የፊት መሸፈኛዋን አወረደች። ከጨርቁ በታች ዝም ማለት ይቀላል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው ሲስቅ ቆየ፤ ከዚያ እትዬ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ መርፌውን አነሳች። ክሩ መጣ፣ ሳተ። ሰው ሳቀ። ሁለተኛውም ሳተ፤ ጥቂቶች ሳቁ። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም። በአራተኛው ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሚስትየዋም ከራሷ በላይ የባሏ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማች። የመርፌ ወጉ መጠበቅ ነው፤ የሚሄደው ክር ነው። ትንፋሹን ብትጠብቅ የሚመጣ ትንፋሽ አልነበረም።

ያኔ ሳትጠብቅ መርፌውን ማንቀጥቀጥ ጀመረች። ሦስቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ እረፍት። ሦስቴ ቶሎ ቶሎ። የእትዬ ሁለት እጆች አንድ ዓይነት ብርድ እንደያዛቸው አብረው ተንቀጠቀጡ፤ አብረው ስለተንቀጠቀጡም በመሐላቸው ጸጥታ ሆነ። ክሩ ገባ።

ጭብጨባው እስኪያልቅ ባልየው ንቅንቅ አላለም። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ፊቱን ገልጦ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ዓመት አልፎታል።»

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ናታ። ያንተ ሁሉ ወደ እግሯ ይወርዳል።»

«ሦስት መርፌ ሠራሽ» አለ፣ «እያወቅሽ።»

«እያወቅሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል እሱ ዘንድ በቀላሉ አይገኝም። በዚያ ፋንታ፣ ይቺ በርጩማ ድሮም እንዲህ ዝቅ ያለች ነበረች ወይ ብሎ ጠየቃት። ሚስትየዋ ሳቅ መጣባት፤ ሲወጣ ግን እንደ ሳቅ አልሆነም። ድሮም እንዲሁ ናት አለችው። ከነገ ጀምሮ እግሩን እኔ እይዛለሁ አለ እጆቹን እያየ። እሷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ያማራት ግን መቀመጥ ብቻ ነበር፣ መቀመጫዋን ደግሞ እሱ ይዞታል።

«እግሯ ቢንቀጠቀጥስ?» አላት።

«አሮጊት አይደለችም እንዴ? ማን ይታዘባታል።»

«መርፌውስ?»

«ይንቀጥቀጥ። ክሩን እኔ አመጣለታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ለልምምድ ከእትዬ ኋላ ቆመች። ጭንቅላቷ ካሰበችው በላይ ይከብዳል። እሱ ከታች እግሮቿን ይዞ ጠበቀ፤ እሷም ጠበቀች። ሁለቱም ሲጠብቁ ቆይተው፣ የሚጠበቀው የእሷ ትንፋሽ መሆኑ ትዝ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ትንፋሽ ስትከተል የራሷን እንዴት እንደምትጀምረው አታውቅም ነበር። አየር ሳበች፣ ሲወጣም ረጅም ሆኖ ወጣ። የእትዬ ትከሻ አብሮት ወረደ፤ አንገቷ ቀለል ብሎ ዘመመ። ባልየው ከታች ያንን ትንፋሽ ተከትሎ፣ ሁለቱን እግሮች ከመንገድ እንደገባ ሰው ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋቸው። ጫማዎቿ ሦስቴ ተንቀጠቀጡና አረፉ።

«ደክሟታል» አለ።

«ትረፋ» አለች ሚስትየዋ፣ እና ሌላ አየር እስክትስብ ሁለቱም ጠበቁ።