የስማቸውን ባት ማን በላው

ወጌሻው አድማሴ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ነው የተናደደው። ከቆሰበር ከተማ ማዶ ያለው የወርቅአየሁ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ እሱ ደግሞ የመጣው የአንድ ሰው እግር ሊፈታ እንጂ ተዝካር ሊበላ አልነበረም። የወርቅአየሁ ልጅ ስማቸው በጥር ጊዮርጊስ የፈረስ ግልቢያ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሮ፣ አድማሴ ራሱ በቀርከሃ አስሮለት፣ ይኸው ፋሲካም አለፈ።

ወደ ቤት ሲገባ፣ ወይ ጉድ! ሳይጠብቁት ፈተውታል። ስማቸው መደብ ላይ ተጋድሟል። ቀኝ እግሩ የድሮው ነው፤ የግራው ባት ግን የት እንደገባ ጠፍቶ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከግርጌው ሸክላ ሠሪዋ ማናለብሽ ቆማለች፤ ሁለት ጎረምሶች ትከሻዋን ጨምድደው ይዘዋታል።

«ትፊበት!» ትላለች ወርቅአየሁ። «አንቺ ቡዳ፣ የበላሽውን ልጄን እንትፍ ብለሽ መልሺልኝ!»

«አልበላሁም። ምኑን ልትፋ?»

ከተፋች በላሁ ማለቷ ነው፤ ከአገር ትባረራለች። ካልተፋች እስክትተፋ ይገርፏታል። ግቢው ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ወርቅአየሁ ወደ አድማሴ ዞረች። «በታሰረ በወሩ እንስራ ልትሸጥ መጥታ ‹ውይ፣ እግሩ ከሳ› አለች፣ በገዛ አፏ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ አያ አድማሴ።»

አድማሴ ደሙ ፈላ። «እኔስ ምን ብዬ ነበር? ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጣቱን ያንቀሳቅስ፣ ቀጥሎ በምርኩዝ ይቁም አላልኩም?»

«ልጄ ተሰብሮ ይቁም? ጠላት ይሳቅብኝ? ገንፎ በቅቤ ስቀልበው ነው የከረምኩ! ከመደቡ አንድ ቀን አላወረድኩትም።»

«ሆዱን ቀለብሽ እንጂ እግሩንማ ማን ቀለበው!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተስ ገበሬ አይደለህም? ከመስከረም እስከ የካቲት ቀንበር ያልነካው በሬህ በመጀመሪያው ቀን ስንት ትልም ሄዶ ነው የሚያለከልከው?»

«አምስት… ቢበዛ ስድስት» አለ ስማቸው።

«ማን በላው?»

ስማቸው ወደ እናቱ አየ።

«ማን በላው እኮ ነው የምልህ! ሣሩን ሲግጥ ከርሞ፣ ጎኑ ወፍሮ፣ ጉልበቱ የት ሄደ? ሰውነት ንፉግ ጌታ ነው፤ ለማይሠራ ሎሌ ቀለብ አይሰፍርም። ያልሠራ ሥጋ ይሟሽሻል፣ ሲሠራ ይመለሳል። አለቀ!»

ጎረምሶቹ እጃቸውን ላላ አደረጉ። ወርቅአየሁ ግን በዋዛ የምትለቅ አልነበረችም። በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተመችና በአማርኛ ቀጠለች።

«እሺ፣ የጎረቤቴ የደጉ እግር ሲፈታ ከስቶ ሲወጣስ? ‹ዓይን ነክቶታል፣ ቅባቴ ይመልሰዋል› ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ይቺ አጥንቱ ድረስ ገባች። እውነቷን ነዋ! አባቱ ሙያውን ሲያወርሱት የታሰረ እግር ሁሉ እንደሚከሳ ነግረውት፣ ለሰው ግን ትንፍሽ እንዳይል አስምለውት ነበር። ሰው እስሩ አከሳው ብሎ ወጌሻውን እንዳይከስ! «ዝም አይነቅዝም» ብለውታል። እሱም ሠላሳ ዓመት ዝም አለ። ሲጠይቁት ዓይን ነው ይላል፤ «ቅባቱን እየተቀባህ ጠዋት ማታ ተራመድ» ይላል፤ እግሩ በመራመዱ ሲመለስ ምስጋናው ለቅባቱ ይሆናል። አይ የሰው ነገር! አሁን ማናለብሽን ቀና ብሎ ሲያያት፣ በዚያ ቤት በሁሉም ላይ ከተናደደው ይልቅ በራሱ ላይ ተናደደ።

«ቅባቱ ውሸት ነው!» አለ። «ቅቤና ጦስኝ ነው፤ ለእግር ከሚሆን ለሽሮ ይሻላል። በሠላሳ ዓመት የፈታሁት እግር አንድም ሳይቀር እንዲህ ከስቶ ነው የወጣው። ማንም አልበላቸውም። ለስሜ ብዬ የደበቅኩ እኔ ነኝ። ልቀቋት ብያለሁ!»

ለቀቋት። አድማሴ ስማቸውን በብብቱ ደግፎ ብድግ አደረገው። ግራ እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ልጁ ጥርሱን ነክሶ መሬት አስነካው። «ዛሬ አምስት እርምጃ፣ ነገ አሥር» አለው። ወርቅአየሁ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። አድማሴም እፎይ አለ፤ እንዲያውም ደረቱ ትንሽ ነፋ ብሏል።

«በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም» አላት ማናለብሽን።

አልሄደችም። መቀነቷን አጥብቃ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግምጃ ቤት ከተማ ላይ፣ በዛብህ የሚባል ሰው እግሩ የተፈታ ቀን እናቴን አስተፏት» አለች። «ከአገር አባረሯት፤ በክረምት ዳንግላ ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች። እግሩን የፈቱት እርስዎ ነበሩ። እናቴ ወደ እርስዎ ዞራ ‹አያ አድማሴ፣ የሚያውቁት ካለ ይንገሩልኝ› ስትል አጠገቧ ቆሜ ነበር። እርስዎ በቅሎዎን ይጭኑ ነበር።»

አድማሴ ስማቸውን መልሶ መደቡ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እኮ የማያውቁ መስሎኝ» አለች፣ «ይኸን ሁሉ ዓመት ይቅር ብዬዎት ነው የኖርኩ።»