ስዕል እምቢ አለኝ

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ፣ ገና ወንበር ላልያዘችው ለቀስተኛ። «ስዕሉ ጠፋ፣ ድራማው አይታይም እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስነዘንዘው ከረምኩ። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅ። ሰኞ ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ስስም ጣሪያ ላይ ወጣ። በቃ።»

ለቀስተኛዋ የሚባለውን ሁሉ አለች፤ ሰበብ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ማን ይቀራል። ሲፈን ሻይ ቀዳችላት። አባቷ ካረፉ አምስተኛ ቀን ነው። ድንኳኑ ትናንት ከሠልስቱ በኋላ ተነቅሏል፣ የዕድሩ ወንበሮችም ግማሹ ተመልሰዋል። እናቷ ግን ያንኑ ታሪክ ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ሲፈን ከመልመዷ የተነሳ ስኳሩን የምታቀብለው ሁልጊዜ «እምቢ ማለት አያውቅ» ላይ ሲደርሱ ነው።

ያደከማት ለቅሶው አይደለም። ማልቀስማ ቀላል ነው፤ ከሰው ጋር ይመጣል፣ ከሰው ጋር ይሄዳል። ያደከማት የእናቷ ታሪክ እውነት አለመሆኑን ማወቋ ነው። ወይዘሮ ጋዲሴ ማንንም አልገደሉም። ገዳይ ካስፈለገ፣ ገዳይዋ ሻይ እየቀዳች ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ላይ ነበረች። ስልኳ ነዘረ፤ አባቷ ናቸው። ጠረጴዛው ስር ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ሲፌ፣ ስዕል እምቢ አለኝ።»

«አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ። መብራቱ በርቷል፣ ስዕል ብቻ ነው እምቢ ያለኝ። ምን ላድርገው?»

«ዲሹ ይሆናል። ነፋስ አዙሮት ነው። እስኪ ነካ አድርገው።»

አባቷ አቶ ከበበ ገረማቸው። «ለዚህም ዲሽ ያስፈልገዋል እንዴ?»

«ለሁሉም ነው አባዬ። በኋላ እደውላለሁ።»

«እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ» አሉና ስቀው ዘጉት።

በዚህ ሰፈር ስዕል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ጣሪያው ነው። አንዱ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ ሌላው ከታች «መጣ፣ ሄደ፣ እዚያው ተወው» ይላል። አቶ ከበበ ግን የዚያን ቀን ከታች የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፣ ሌሊቱን ደግሞ ዝናብ ጥሎ ቆርቆሮው ያዳልጥ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ መውደቃቸውን ለሲፈን ደውለው የነገሯት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውዴ ናቸው። ዲሹ እስካሁን አቶ ከበበ እንዳዞሩት ነው፤ ሰማዩን ትቶ እንጦጦን ያያል።

ከሰዓት በኋላ አቶ በአምላክ መጡ። መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ከአባቷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ዘበኛ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሻያቸውን ጠጡና ተነሱ። ሲፈን ልትሸኛቸው በሩ ድረስ ስትወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያቺ ጌም ሠራች?» አሏት።

«የቷ ጌም?»

«አልነገረሽም ማለት ነው።» የተናገሩት ቆጫቸው፤ ግን አንዴ ወጥቷል። «ካሴት የምትጎርሰዋ፣ የድሮዋ። መገናኛ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ ከሚያነጥፉት አይደል ያገኛት። ‹ልጄ በትንሽነቷ እንዲህ ያለች ነበረቻት፣ ይህቺን ካየች እሁድ እሁድ ትመጣለች› ብሎ እንዴት ደስ ብሎት ነበር። ቅዳሜ ገጠማት። መብራት አላት፣ ስዕል የላትም አለኝ። ሰኞ እሷኑ እጠይቃታለሁ ብሎ ነው የተለያየነው።»

ሲፈን የበሩን ብረት ያዘች። አቶ በአምላክ አይዞሽ ብለዋት ቁልቁለቱን ወረዱ፣ እሷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። የምትኖረው ከዚህ ቤት በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። ሳትመጣ ሦስት ወር ሆኗት ነበር።

ስትመለስ ሌላ ለቀስተኛ አልነበረም። ወይዘሮ ጋዲሴ ፍራሻቸው ላይ ናቸው፣ ወይዘሮ ውዴ አጠገባቸው። ሲፈን ቀጥ ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። ትልቅ ጀርባ ያለው የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ለቅሶ ቤት ስዕል አይታይምና ወይዘሮ ውዴ በዚያው ሰኞ ከሶኬት ነቅለው ጥቁር ነጠላ አልብሰውታል። ነጠላውን ገፈፈችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

«ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ካርታ ሲጫወቱ ሰው ምን አለ?»

«ካርታ ሌላ ነው። እሱ እንቅልፍ ለማባረር ነው።»

ሲፈን ጎንበስ አለች። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግራጫነቷ ወደ ቢጫ የዞረ ሣጥን አገኘች፣ አናቷ ላይ ካሴት እንደጎረሰች። ኤክስቴንሽኑ ያለው ሁለት ቀዳዳ ነው፣ የቴሌቪዥኑና የሪሲቨሩ። አባቷ የሪሲቨሩን ነቅለው በሱ ቦታ ጌሟን ሰክተዋል። የዲሹ ገመድ የሚገባበት ሪሲቨር ራሱ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ዲሹ ወደ እንጦጦ ዞረ ወደ ሰማይ፣ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። ሰው በከንቱ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ስዕሉ ቢመጣም ባይመጣም ዋጋ የለውም። ቢሆንም አባቷ ጠይቀዋታል፤ እሷ ገና አልመለሰችም። መሬት ላይ ተቀመጠችና ቴሌቪዥኑን ሰካች።

የጌሟ ቀይ መብራት በራ። ስዕል የለም። ካሴቱን አውጥታ በልጅነቷ እንደለመደችው እፍ አለችበትና መለሰችው። የለም። ለእንግዳ ከተቀዳው አረቄ ጥጥ ነክራ የካሴቱን ጥርሶች ጠረገች፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አሁንም የለም።

ያኔ አባቷ የሌሊት ዘበኛ ስለነበሩ ቀን ይተኙ ነበር። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተነስተው ይጠብቋታል፣ አንዷን ጆይስቲክ ቀድመው ይይዛሉ። የመኪና ውድድር ነው። መኪናቸው መንገድ ላይ ቆይታ አታውቅም። ወደ ግራ ሲታጠፍ መላ ሰውነታቸው ወደ ግራ ይጋደማል፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሳር ውስጥ ትገባለች። «እኔ በትክክል ነው የነዳሁት» ይላሉ፣ «መንገዱ ነው የዞረው።» ጌሟ ተቃጥላ የተጣለች ቀን ሲፈን ስታለቅስ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ ብለዋት ነበር። እሷ ረሳችው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እሳቸው አልረሱትም።

ቢጫውን ገመድ በእጇ ተከተለችው። የሪሲቨሩ ገመድ የቴሌቪዥኑን የኋላ ቀዳዳ ስለያዘው፣ አባቷ የጌሟን ከፊት ለፊት ሰክተዋታል። ጥሩ አድርገው ነው የሰኩት። ቴሌቪዥኑ ግን አሁንም የሚጠብቀው የኋላውን ነው። ሪሞቱን አነሳች፤ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ቀዳዳ የሚያስቀይረውን፣ ኤቪ የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫነችው።

ስዕሉ መጣ። ሰማያዊ ሰማይ፣ አረንጓዴ ሳር፣ መሃሉ ላይ የቆመች ቀይ መኪና።

የሰኞው መልስ ይህ ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ኤቪ የሚለውን ተጫን።» ስብሰባው ላይ ሆና እንኳ ትችለው ነበር፤ «የምኑ ስዕል?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰችና ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፣ እስካሁን ለሰው ካለቀሰችው ሁሉ በተለየ፣ ያለ ድምፅ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ።

«አባዬ ለኔ የገዛው ነው።» ዞራ አላየቻቸውም። «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። በድራማሽ ምክንያት አልወጣም። ሰኞ ደውሎልኝ ነበር፣ ስዕል እምቢ አለኝ ብሎ። የምኑ እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቀው ዲሹን ነካ አድርገው አልኩት። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ወይዘሮ ውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ወይዘሮ ጋዲሴ ቀይዋን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«ይህን ከሰኞ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«አምስት ቀን ሙሉ እኔ ስናገር ሻይ ትቀጃለሽ?»

«አዎ እማዬ።»

የግቢው በር ተንኳኳ። ወይዘሮ ውዴ ብድግ አሉ። «ሰው መጣ። ኧረ አጥፊው።»

ሲፈን እጇን ወደ ሶኬቱ ሰደደች። ወይዘሮ ጋዲሴ ጉልበታቸውን ይዘው ከፍራሹ ተነሱና እጇን መለሱት። ጥቁሩን ነጠላ ከመሬት አንስተው አራገፉት፣ ቴሌቪዥኑን እንደበራ አለበሱትና ተመልሰው ተቀመጡ። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል።

የገቡት ከቀበና የመጡ የሩቅ ዘመድ ናቸው፣ መርዶውን ዛሬ የሰሙ። አልቅሰው ሲበቃቸው ቁጭ አሉና፣ «ምን አግኝቶት ነው? አልታመመም አሉ» ሲሉ ጠየቁ።

ሲፈን ሻዩን ቀድታ፣ ስኳሩን ይዛ ቆመች። እናቷን አየች።

«ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ።

ሌላ አልጨመሩም። ሲፈን ስኳሩን የት ላይ እንደምታቀብል ጠፍቷት እዚያው ቆማ ቀረች። እናቷ ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ለእንግዳው አቀበሉ፣ ፍራሹም ላይ ጠጋ አሉላት።

«ቁጭ በይ» አሏት። «ደክሞሻል።»