የእማማ ሁዪያ ደም

የጥናቱ መሪ ዶክተር ፔንፎልድ፣ ሐኪም ለመሆን የሚያመለክተውን ረዳቱን ፓዎራን የሰደበው በፋሲካ ማግስት፣ ኦክላንድ፣ የላቦራቶሪው ሻይ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። «አንተማ ምን አስጨነቀህ! ለእናንተ ለማዎሪዎች፣ ለአገሩ ነባር ተወላጆች፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ የጎን በር ከፍቶላችኋል» አለና የብስኩቱን ፍርፋሪ ከከንፈሩ ጠረገ። የሳቁትን ፓዎራ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ ከሁሉ ቀድሞ ገቢ፣ ከሁሉ ኋላ ወጪ እሱ ሆነ። የሚያጠኑት በሽታ ከስንት ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ በገዛ ቤቱ ላይ ተነሥቶ ቆዳን እንደ ቁርበት የሚያደርቅ ነው። ለጥናቱ ደም ከሰጡት አንዷ እማማ ሁዪያ ናቸው። በደረቁ ጣቶቻቸው እጁን ይዘው፣ «ከሞትኩ የተረፈውን መልስልኝ ልጄ፤ ጎዶሎ ሆኜ አልቀበርም» ብለው አስማሉት። ዶክተሩም በዚሁ ተስማምቶ ፈረመ።

አሁን ከደማቸው የቀረው አንድ ብልቃጥ ነው። የመጨረሻው ሙከራ በእሱ ከተሠራ የፓዎራ ስም ጥናቱ ላይ ይወጣል፤ ያንን ይዞ ለሕክምና ትምህርት ቤቱ መግቢያ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል፤ የሳቀው አፍ ሁሉ ይዘጋል። ጓንቱን አጥልቆ ሊጀምር ሲል ስልኩ ጮኸ። የእማማ ሁዪያ ልጅ ሆሄፓ ነው።

«እማዬ አረፈች። ነገ እንቀብራታለን። ደሟን ልወስድ መጥቼ እታች መኪና ውስጥ ነኝ።»

«ነፍስ ይማር። ትንሽ ታገሠኝ፣ ወንድሜ።»

«ምን እታገሣለሁ? የሳጥኑ ክዳን ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ። ዶክተር ለመሆን እናቴን ልትሸጣት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ፓዎራ ብልቃጡን በብርሃን አየው። ግማሹን ቢያስቀርስ? ማን ያውቃል? ወዲያው በራሱ አፈረ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሁን፤ ሰኞ ተመልሶ የሌላ ሕመምተኛ ደጅ ይጠናል፣ ሙከራውን ከሥሩ ይጀምራል። ብልቃጡን በረዶ በሞላ ዕቃ ውስጥ ቀብሮ ይዞ ወጣ።

ፔንፎልድ ኮሪደሩ ላይ ገጠመው።

«ወዴት ነው?»

«እማማ ሁዪያ አርፈዋል። የተረፈውን ለልጃቸው ልሰጥ ነው።»

«ሙከራውስ?»

«በሌላ ሰው ደም እንደገና እሠራዋለሁ። እርስዎም ፈርመዋል።»

«የዓመት ልፋት ከሬሳ ጋር ልትቀብር? በዚህ ጭንቅላትህ ነው ሐኪም የምትሆነው? እኔ በቁሜ አላየውም!»

ፓዎራ የበረዶውን ዕቃ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቀፈ፤ አልፎት ደረጃውን ወረደ።